የአያት ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

መሳለሚያ እህል በረንዳ የሚነግድ ሰው ጤፍ ሲገዛ አስቀድሞ ከጆንያው ቆንጥሮ መዳፉ ላይ ያደርጋል። ያሸዋል፣ እፍ ይልበታል፣ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። ማኛ ይሁን ሰርገኛ፣ ዘንድሮ የታጨደ ይሁን የከረመ፣ ንጹሕ ይሁን አሸዋ የገባበት ለይቶ ያውቃል። ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሚዛኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚያው መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ አለ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው አሮጌ ብረት እዚያ ይራገፋል። ብረቱ ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ምድጃ ወይም ማረሻ ይሆናል። እዚህ ሚዛኑ ይቀድማል። ብረት ብረት ነው፤ ማን ሠራው፣ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ዋጋውን አይለውጠውም።

ኢትዮጵያ ለአሮጌ ጠመንጃዎቿ ዋጋ የምትሰጠው እንደ እህል በረንዳው ነጋዴ ነው ወይስ እንደ ቆራሌው? አንድ ውጅግራ ከ4 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። በኪሎ ከተመዘነ ዋጋው የአንድ ቀን ምሳ ነው። ለሚያነበው ሰው ግን እዚያ 4 ኪሎ ብረትና እንጨት ላይ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ወደብ፣ የአንድ ጦርነትና የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ተጽፏል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች በሺዎች እየተጫኑ ከአገር ወጥተዋል። ጉዳዩን ለመመዘን ግን መጀመሪያ እንዴት እንደገቡ ማወቅ ያስፈልጋል።

▪️ ስሙ መታወቂያው ነበር

የጥንቶቹ ኢትዮጵያውያን ጠመንጃን «ብረት» ብለው አያልፉትም፤ ለየዓይነቱ ስም ያወጡለት ነበር። ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ የሚጎርሰውን፣ አንዴ ተኩሶ ዳግም እስኪያጎርስ ጠላት የሚደርስበትን የድሮ ነፍጥ ሕዝቡ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ ቀልዶበታል። የእንግሊዙ ስናይደር «ስናድር» ተባለ። ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት፣ ባዚል ግራ የተባለ መኮንን የነደፈው የ1874 ሞዴል፣ በአማርኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። የፈረንሳዩ ለበል «ለበን»፣ የኦስትሪያው ማንሊከር «ምንሽር»፣ ከቤልጂየም የመጣው ሞዘር ደግሞ «በልጅግ» ተባለ። ጓንዴና ዲሞትፈርም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

እነዚህ ስሞች ለጌጥ የወጡ አይደሉም። አንድ ወታደር ጠመንጃውን በስሙ ካላወቀው የሚስማማውን ጥይት አያገኝም። የስናድር ጥይት ውጅግራ አይጎርሰውም፤ የምንሽር ጥይት በልጅግ ውስጥ አይሠራም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ደግሞ ጥይት ራሱ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ስለነበር፣ ገበያተኛውም ጭምር ዓይነቱን መለየት ነበረበት። መሣሪያን መለየት የጥቂት አዋቂዎች ሳይሆን የአደባባይ እውቀት ነበር ማለት ነው።

▪️ 7 ፍራንክ የነበረው 40 ሲጠየቅበት

አውሮፓ ከ1860ዎቹ እስከ 1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ ጠመንጃዋን ደጋግማ ለወጠች። በአፈሙዝ የሚጎርሰው በኋላ በሚጎርሰው ተተካ፤ አንድ ጎራሹ ብዙ ጥይት በሚይዘው ተተካ፤ ጥቁሩ ባሩድ ጭስ በሌለው ተተካ። ፈረንሳይ በ1886 ለበልን ስትቀበል ግራው አሮጌ ሆነ። ጣሊያን በ1891 ካርካኖን ስትቀበል ቬተርሊው አሮጌ ሆነ። በየጊዜው ከሠራዊት የሚወጣው ትርፍ መሣሪያ ገዢ ይፈልጋል። ነጋዴዎቹ ጭነው ወደ ቀይ ባሕር ወረዱ።

ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ግጥሙን ትቶ ንግድ የጀመረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1885 ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ሒሳብ ሳይደብቅ አስቀምጦታል፦ ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ባለ ካፕሱል ነፍጦች ናቸው፤ ሊየዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ ከ7 እስከ 8 ፍራንክ ይገኛል፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል።

ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች በግመል ተጭነው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ደረሱ። ገበያው ግን ራምቦ እንዳሰበው አልጠበቀውም። ምኒልክ በዚያው ዓመት ሐረርን ይዘው ግብፆች ትተውት የሄዱትን ዘመናዊ መሣሪያ አግኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ የ40 ዓመት ነፍጥ በውድ የሚገዙበት ምክንያት አልነበራቸውም። ጭነቱን በጅምላ ወደ 14,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ተመኑት፤ ከዚያም ላይ የሟቹን የራምቦ ሸሪክ ዕዳ ቀነሱ፤ ለቀረው ሐረር ላይ ራስ መኮንን እንዲከፍሉት ደብዳቤ ጻፉለት። ራምቦ በንግዱ መክሰሩን እያማረረ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ስለ ገጣሚው ነው። ስለ ገዢው ብልህነት ግን ብዙ አይወራም። ሻጩ እቃውን «ጠመንጃ ነው» ብሎ አቀረበ፤ ገዢው ግን የትኛው ጠመንጃ እንደሆነ፣ ዕድሜውንና ሌላ ቦታ ምን እንደሚገኝ አውቆ ተመነ። መለየት የሚችል ሰው ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል።

▪️ በግምጃ ቤት የተደረደረ ታሪክ

የኢትዮጵያ መሣሪያ ግምጃ ቤት በአንድ ጊዜ ግዢ የተሞላ አልነበረም። በየዘመኑ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የመጣ ነው።

በ1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የእንግሊዝ ጦር በስናድር የቴዎድሮስን ሠራዊት ሲገጥም፣ ያ ጠመንጃ በጦር ሜዳ ሲፈተን የመጀመሪያው ነበር። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መድፎችንና ወደ 850 የሚጠጉ ነፍጦችን ትቶላቸው ሄደ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፆችን ድል አድርገው በሺዎች የሚቆጠር ረሚንግተን ማረኩ። ጣሊያን በ1880 ዓ.ም. ምኒልክን ከዮሐንስ ለመነጠል ስትል 5,000 ረሚንግተን ልትሰጥ ተዋዋለች። ከፈረንሳይ በኦቦክና በጅቡቲ ውጅግራ ገባ፤ ከሩሲያ በርዳን መጣ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው ይህን ድብልቅ ነበር። ከመሣሪያው ብዙው አውሮፓ «ጊዜው አልፎበታል» ብላ የሸጠችው ወይም የሰጠችው ነው። በዚያ መሣሪያ አንድ የአውሮፓ ጦር ተሸነፈ። ከድሉ በኋላ ደግሞ ወደ 11,000 የሚገመት የጣሊያን ጠመንጃ ተማርኮ ከነበረው ጋር ተደባለቀ።

ቀጥሎ የገደብ ዘመን መጣ። የ1890ው (እ.ኤ.አ.) የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ገድቦ ነበር። ኢትዮጵያ መሣሪያ የማስገባት መብቷን ለማስከበር እስከ ነሐሴ 1930 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ተከራክራ፣ ፓሪስ ላይ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ውል ተፈራረመች። በልጅግ በብዛት የገባው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ የክብር ዘበኛንም ያሠለጠኑት የቤልጂየም መኮንኖች ነበሩ። ከዚያ ወረራው መጣ፣ ከወረራውም ጋር የጣሊያኑ ካርካኖ። አርበኛው ከጠላት እየነጠቀ ታጠቀው። ከ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ስምምነት በኋላ ኤም ዋን ገባ፤ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ክላሽ ሁሉንም ከሥራ ውጭ አደረጋቸው። ያለፈው ሁሉ መጋዘን ገባ።

መጋዘኑ እንግዲህ የጦር መሣሪያ ማከማቻ ብቻ አልነበረም። ከመቅደላ እስከ አብዮቱ ያለው የውጭ ግንኙነታችን መዝገብ ነበር፤ የተጻፈው ግን በወረቀት ሳይሆን በብረት ነው።

▪️ ብረቱን ማንበብ

አንድ ቤት ሲፈርስ ወይም ሲታደስ ከጣሪያ ሥር፣ ከቆጥ ላይ፣ ከሳጥን ውስጥ የአያት ጠመንጃ ቢገኝ ምን ይደረጋል?

ከሁሉ በፊት፣ ጎርሶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው። ቃታ አይነካም፤ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሙያው ያለው ሰው ነው። ተኩሶ መሞከር የሚባል ነገር የለም፤ መቶ ዓመት ያለፈው ብረት የተኳሹን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ ደግሞ መሣሪያውን ደብቆ ማቆየት መዘዝ አለው። ጉዳዩን በጊዜ ለፖሊስ ማሳወቅ ባለቤቱንም ቅርሱንም ይጠብቃል።

ቀጥሎ አከፋፈቱ ይታያል። ስናድር ከጎን እንደ ሣጥን ክዳን የሚገለጥ መዝጊያ አለው። ረሚንግተን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚንከባለል ብረት አለው። ውጅግራ እጀታው ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጥይት ካዝና ግን የለውም፤ አንድ ብቻ ይጎርሳል። ለበን ጥይቱን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ይይዛል። የኦስትሪያው 1895 ምንሽር እጀታው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ቤተሰቡ «ምንሽር» ያለው ሁሉ ምንሽር ላይሆን ስለሚችል ይህ ልዩነት ይጠቅማል።

ሦስተኛው የአፈሙዙ ስፋት ነው። ስናድር ወደ 14.7 ሚሊሜትር፣ ውጅግራ 11፣ ቬተርሊ 10.4፣ ለበንና ምንሽር 8፣ በልጅግ 7.92፣ ካርካኖ 6.5። ቀዳዳው እየጠበበ በሄደ ቁጥር መሣሪያው ወደ እኛ ዘመን እየቀረበ ነው ማለት ይቻላል።

አራተኛው ጽሑፉ ነው። ስናድር ላይ የእንግሊዝ ዘውድና ዓመተ ምሕረት ይገኛል። ውጅግራ ላይ ሴንት ኤትየን፣ ሻተለሮ ወይም ቱል የሚሉ የፋብሪካ ስሞች አሉ። የጣሊያኖቹ ቶሪኖ፣ ብሬሻ ወይም ተርኒ ይላሉ። በልጅግ ላይ ኤርስታል የሚለው የፋብሪካው ከተማ ተቀርጿል። የመለያ ቁጥሩ በአፈሙዙ፣ በመዝጊያውና በእንጨቱ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ መሣሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ አልተበታተነም ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ይህን በጣም ይፈልጉታል።

የመጨረሻው ለእኛ ትልቁ ነው፤ እዚህ አገር ከገባ በኋላ የተጨመረው ምልክት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታዝዘው ከመጡት አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ምልክት አለባቸው። ሰደፉ ላይ በጩቤ የተቀረጸ መስቀል፣ የስም ፊደል፣ የተሰነጠቀበትን ያሰረ ጥሬ ቆዳ፣ የተመታ ምስማር ይገኛል። ለማያውቀው ይህ ጉዳት ነው። ለሚያውቀው ግን ጠመንጃው ሊየዥ ወይም ተርኒ ከተሠራ በኋላ ምን ዓይነት ሕይወት እንደኖረ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ፣ ቫርኒሽ መቀባት፣ «የተጎዳውን» እንጨት በአዲስ መተካት ዋጋውንም ታሪኩንም ባንድ ቀን ይገድላል።

▪️ የ20 ዶላሩ ካርካኖ

ምልክት ማንበብ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከሁሉ የበለጠ ያሳየው የጣሊያኑ ካርካኖ ራሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ በፖስታ የሚላክ ርካሽ ትርፍ እቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አንዱ ከነመነጽሩ 19.95 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ዳላስ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በእሱ መሆኑ ታወቀ። ተርኒ እ.ኤ.አ. በ1940 የተሠራ መሆኑ ምልክቱ ላይ ተነበበ፤ የመለያ ቁጥሩ ከሻጩ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ መርማሪዎቹን ወደ ገዢው አደረሳቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ የዴንቨር ሰብሳቢ ያንኑ ጠመንጃ ለመግዛት 10,000 ዶላር ቀብድ ከፍሎ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ግን በ1965 ማስረጃዎቹ የሕዝብ ንብረት ሆነው እንዲቀመጡ ሕግ አወጣ፤ ጠመንጃው ዛሬም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከዚያው ፋብሪካ የወጡ መሰሎቹ በሙሉ የ20 ዶላር ብረት ነበሩ። የዚህኛውን ዋጋ የለወጠው ብረቱ አይደለም፤ የት እንደነበረና ምን እንደተደረገበት የሚያሳየው መዝገብ ነው። መዝገቡ ባይኖር እሱም ከመሰሎቹ ጋር ተደባልቆ ይቀር ነበር።

▪️ የራምቦ ንግድ ወደ ኋላ ሲዞር

ከ2011 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች በይፋ እያስተዋወቀ መሸጥ ጀመረ። በዝርዝሩ ውስጥ ካርካኖ፣ ቬተርሊ፣ ግራ፣ ማንሊከር፣ የቤልጂየም ሞዘር፣ ሌሎችም አሉ። ከላይ የተዘረዘረው መጋዘን ሁሉ ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ እቃ ስለሚቆጠር፣ የዓድዋ ዘመኖቹ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በፖስታ ወደ ገዢው ቤት ይላካሉ። ዋጋቸው በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል፤ የአንበሳ ምልክት ያለበት ደግሞ የበለጠ ተፈላጊ ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። መንግሥት አሮጌ መሣሪያ መሸጡ በራሱ ጥፋት አይደለም። የዛገ ጠመንጃ መጋዘን ያጣብባል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ በተሳሳተ እጅ ከገባ ሰው ይገድላል። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። 10,000 ተመሳሳይ ካርካኖ ለማስቀመጥ የሚገደድ ሙዚየምም የለም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ከመሸጣቸው በፊት ማን አነበባቸው? ከእያንዳንዱ ዓይነት ስንት ናሙና ቀረ? የሰደፍ ላይ ፊደሎቹ ፎቶግራፍ ተነሡ? የመለያ ቁጥሮቹ ተመዝገበው ከዓድዋ ምርኮ፣ ከበልጅግ ግዢ ሰነዶች ጋር ተመሳከሩ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ታዲያ አንድ ጠመንጃ መቼ መሣሪያ፣ መቼ ቅርስ እንደሚሆን የሚወስነው ማነው? መከላከያ ነው ወይስ የቅርስ ባለሥልጣን? ሕዝቡ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በዝርዝርና በቁጥር ማግኘት መብቱ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ጉዳቱን ግልጽ ያደርገዋል። በአሜሪካ ደንብ ወደ አገሪቱ የሚገባ የጦር መሣሪያ የአስመጪው ስምና የተሠራበት አገር ስም እንዲቀረጽበት ይገደዳል። የተሠራበት እንጂ የተዋጋበት አይደለም። ስለዚህ አንድ ካርካኖ ተርኒ ተሠርቶ፣ በወረራው መጥቶ፣ አርበኛ ነጥቆት፣ አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ ሲሄድ፣ የሚቀረጽበት «ኢጣሊያ» ነው። የኢትዮጵያን ስም የሚያነሣው የሻጩ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ሲረሳ ስሙም ይረሳል። እስከዚያው የእነዚህን ጠመንጃዎች ምልክት በማጉያ መነጽር እያዩ የሚያወዳድሩት፣ ፎቶ አንሥተው የሚከራከሩበት የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህ ነው።

ራምቦ በ7 ፍራንክ የገዛውን በ40 ሊሸጥ ሲመጣ የሸዋው ንጉሥ ዓይኑን ገልጦ አየው። ከ130 ዓመት በኋላ ንግዱ አቅጣጫውን ሲቀይር፣ እቃውን ለይቶ የሚያውቀው ገዢው ሆነ።

▪️ አሁንም ያልረፈደው

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ የጠመንጃ ባለሙያ፣ አንድ የታሪክ ተመራማሪ፣ አንድ ካሜራና አንድ መዝገብ ይበቃል። ከማንኛውም መጋዘን የሚወገድ አሮጌ መሣሪያ ከመሸጡ ወይም ከመቅለጡ በፊት ዓይነቱ፣ ቁጥሩ፣ ምልክቱና ሰደፉ ይመዝገብ። ከየዓይነቱ ናሙና ይቀመጥ፤ የአገር ውስጥ ምልክት ያለበት ደግሞ ጭራሽ አይሸጥ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፤ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቦታ አልጠፋም።

ከቤተሰብም የሚጠበቅ አለ። የአያት ጠመንጃ ወረቀት ከሌለው ቢያንስ ቃል ሊኖረው ይገባል። ማን ይዞት እንደዘመተ፣ ከማን እንደተማረከ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጻፍ። ይህ ጽሑፍ ከብረቱ ጋር ካልተቀመጠ ውጅግራው አንድ ተራ ውጅግራ ነው።

የመሳለሚያው ነጋዴ ጤፉን ሳያይ ዋጋ አይጠራም፤ ቢጠራ እንደሚከስር ያውቃል። ለአንድ ኩንታል ጤፍ የሚደረገው ጥንቃቄ ለዓድዋ ጠመንጃ ቢደረግ ማንም «ተጋነነ» አይልም።